መብራት የሌለው ስዊች

የድሮዎቹ የኔትወርክ ሰዎች ኮምፒውተሮችን የሚያገናኘውን ስዊች የሚያውቁት በመብራቱ ነበር። በአዲስ አበባው የካዛንቺስ ሠፈር ፎቆች ውስጥ ቀድሞ ዕቃ ማስቀመጫ የነበረች፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ትመረጥና በሯ ላይ «ሰርቨር ሩም» የሚል ወረቀት ይለጠፍባታል። ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው በረድፍ የተደረደረ አረንጓዴ ብልጭታ ነው። ብልጭ ድርግም የሚል ፖርት ሥራ ላይ ነው። የጨለመው ኬብሉ ተነቅሏል፣ አለዚያም ሞቷል። ሁሉም በአንድ ጊዜ እንደ እብድ ከተርገበገቡ ደግሞ ጠረጴዛውን ሲያስተካክል ትርፍ ኬብል ያገኘ አንድ ቅን ሠራተኛ ጫፉን ግድግዳው ላይ ባገኘው ቀዳዳ ሰክቶታል ማለት ነው፤ መረቡ በራሱ ላይ እየዞረ ነው።

ምርመራው የእግርና የእጅ ሥራ ነበር። አንዱ ታች ሆኖ ኬብል ይጎትታል፣ ሌላው መሰላል ላይ ወጥቶ ኮርኒሱን ገፋ አድርጎ «ይሄ ነው?» ይላል። «አይደለም!» «አሁንስ?» «እሱ ነው፣ እሱ ነው፣ እንዳትለቀው!» ከዚያ ጫፉ ላይ ነጭ ፕላስተር ይጠቀለልና በእስክሪብቶ ቁጥር ይጻፍበታል። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው። በዚህ ሙያ ደግሞ ሰው ቶሎ ቶሎ ሥራ ይለቃል። ቁጥሩ ፕላስተሩ ላይ ይቀራል፣ ትርጉሙ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ሠፈሩ ከመረብ ጋር የተዋወቀው ከብዙዎቹ የከተማዋ ሠፈሮች ቀድሞ ነው። ከካዛንቺስ ወደ መስቀል አደባባይ ሲወረድ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ የአዲስ አበባ ሰው በአጭሩ ኢሲኤ የሚለው፣ በ1950 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ተመረቀ፤ ግንቦት 17 ቀን 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመውም እዚያው ነው። ጎብኚ ወደዚያ ሲገባ የሚደነቀው በአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ነው፤ የሚገባውም ነው። ስለ ሞደሙ ግን ማንም አይነግረውም።

በዚሁ ኮሚሽን ሥር እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ፓዲስ የሚባል ክፍል ነበር፤ የአፍሪካን የልማት መረጃ ለማሰባሰብና ለማሠራጨት የተቋቋመ። ክፍሉን የመሩት ናንሲ ሃፍኪን እ.ኤ.አ. በ2012 የኢንተርኔት የክብር አዳራሽ ውስጥ ስማቸው ከሰፈረ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች መካከል ናቸው። ኢትዮጵያዊው ሊሻን አዳም ደግሞ በ1990ዎቹ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለት ነው፣ ካቤካ የተባለውን ፕሮጀክት ይዘው በአፍሪካ አገሮች የኢሜይል ጣቢያዎችን በማቋቋም ሥራ ከፊት ከነበሩት አንዱ ናቸው። መሣሪያው ፊዶኔት ነበር። ቶም ጄኒንግስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1984 ለትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ የሠራው፣ ከአንድ ኮምፒውተር፣ ከአንድ ሞደምና ከአንድ የስልክ መስመር የበለጠ የማይጠይቅ ሥርዓት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ደብዳቤዎቹ አንድ ኮምፒውተር ላይ ይጠራቀማሉ። የውጭ ጥሪ በደቂቃ ስለሚከፈልበት ይታሸጋሉ፣ ይጨመቃሉ። ሰዓቱ ሲደርስ ሞደሙ በተራ የስልክ መስመር ባሕር ማዶ ይደውላል፣ ይንጫጫል፣ የተጠራቀመውን ሰጥቶ የመጣውን ይቀበላል፣ ይዘጋል። መልእክቱ ካልደረሰ የት እንደቀረ በእግር መከተል ይቻል ነበር፦ ኮምፒውተሩ ላይ ነው? ሞደሙ ላይ? መስመሩ ላይ? ወይስ ማዶ ያለው አላነሣም? በዚያ ዘመን ሥራ የለመደ ሰው ይህን የጥያቄ ቅደም ተከተል እስከ ጡረታው ድረስ አልተወውም። እ.ኤ.አ. በ1995 ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ እንዲገባ የሚወተውት ባይት የተባለ ቡድን ተቋቋመ፤ በ1989 ዓ.ም. ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽኑ አገልግሎቱን ጀመረ። ለአገር በሙሉ የተዘረጋው መስመር በሰከንድ 256 ኪሎ ቢት ነበር። ዛሬ አንድ ስልክ ላይ ደህና ቪዲዮ ለማየት አይበቃም።

ከዚህ ትውልድ የመጣ አንድ ሰው ካዛንቺስ ውስጥ ነበር። የቢሮው ልጆች «ጋሼ» ነው የሚሉት፤ ስሙን ማንሣት አያስፈልግም። ስልክ መስመር በመቀጠል ሥራ የጀመረ፣ በኋላ ኬብል የዘረጋ፣ ከዚያም የቢሮ ኔትወርክ ኃላፊ የሆነ። ሽሙጥ ይወዳል። አዲስ ዲፕሎማ ይዞ የመጣ ልጅ ስለ ሰባቱ የኔትወርክ ደርዞች ሲያብራራለት በትዕግሥት ሰምቶ «እሺ፣ ኬብሉስ ተሰክቷል?» ይላል።

በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሆነ። የግድቦቹ ውኃ አነሰና ከተማው በተራ ይጨልም ጀመር። የካዛንቺስ አስፋልት ዳር ለዳር ጄኔሬተር ተደረደረበት፤ ማኪያቶ የሚጠጣው ሰው የሚያወራው እየጮኸ ነበር። ስምንት ሰርቨር ያለው ቢሮ ለስምንት ሰርቨር ዩፒኤስ፣ ለስምንት ሰርቨር ማቀዝቀዣ፣ ለስምንት ሰርቨር ናፍጣ ይከፍላል። ማይክሮሶፍት ሃይፐር-ቪን ለገበያ ያወጣው ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 አጋማሽ ነው። ቪኤምዌር ከእሱ በፊት ሥራውን ጀምሯል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ስምንቱን ማሽን በአንድ ጠንካራ ብረት ውስጥ አኑር። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዎች ስለ ኮምፒውተር የቀረበላቸውን ሐሳብ ሳያንገራግሩ የተቀበሉት ምናልባት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ስምንቱ ማሽኖች ብረት ውስጥ ሲገቡ ስዊቹም አብሯቸው ገባ። ቨርችዋል ስዊች የሚሉት በሰርቨሩ ራም ላይ የሚኖር ፕሮግራም ነው። ለማሽኖቹ የሚመጣውን መልእክት ተቀብሎ ለየባለቤቱ ያድላል፣ ወደ ውጭ የሚሄደውን ሰብስቦ በኔትወርክ ካርዱ በኩል ያወጣል። ፖርት አለው፣ መረቡን በቁጥር የሚከፋፍልበት ቪላን አለው፣ ስም አለው። ቢያበላሹት የሚጨልም፣ ቢያስተካክሉት የሚበራ ነገር ግን የለውም። በዚህ መሠረት ላይ ነው በኋላ የግል ደመና የተባለው የቆመው፤ መረጃውን ከሕንፃው ማስወጣት ያልፈለገ ወይም ያልተፈቀደለት ድርጅት፣ አማዞንና ማይክሮሶፍት በትልልቅ አዳራሾች የሚያደርጉትን በራሱ ጠባብ ክፍል ለማድረግ መሞከሩ።

የመጀመሪያው አደጋ ሁሉንም ያገኘ ስለሆነ እንደ ማዕረግ የሚቆጠር ነው። ቴክኒሻኑ ቤቱ ቁጭ ብሎ በርቀት ይገባና አዲሱን ቨርችዋል ስዊች ይፈጥራል። ሰርቨሩ ያለው አንድ የኔትወርክ ካርድ ነው። ስዊቹ ካርዱን ይወስደዋል። «ሰርቨሩ ራሱም ይህን ካርድ ይጋራ» የምትለዋን ትንሽ ሳጥን ምልክት ሳያደርግባት «እሺ» የሚለውን ከተጫነ፣ ሰርቨሩ ከኔትወርኩ ይጠፋል፤ ቴክኒሻኑም የገባበት መንገድ በእጁ ተዘጋ። በነፃ በሚገኙት ሶፍትዌሮች፣ በኦፕንስታክና በኦፕን ቪስዊች፣ የሚሠሩትም ከዚህ አላመለጡም፤ የእነሱ የሚደርሰው ዋናውን ካርድ «ድልድይ» ወደሚሉት ስዊቻቸው አስገብተው አይፒ አድራሻውን ማዛወር ሲረሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታክሲ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ካዛንቺስ አልተኛም፤ ከቶታል ወደ መናኸሪያው በሚወስደው በኩል ሙዚቃው ገና ነው። ሕንፃው ግን ጨልሟል። ዘበኛው ጋቢውን እንደ ተከናነበ በሩን ገርበብ አድርጎ፣

«ደግሞ ምን ጠፋ?»

«ሰርቨሩ።»

«ሰረቁት?»

«የለም አባባ፣ እዚያው አለ። ማግኘት ያቃተን እኛ ነን።»

እንዲህ ያለው ጥፋት ቢያንስ ባለቤቱን ያውቃል። ሰው የሚያሳብደው ሌላው ነው፤ ሁሉም ነገር ትክክል ሆኖ የማይሠራው። ሃይፐር-ቪ በ2012 እትሙ ቨርችዋል ስዊቹን እንደ አዲስ ሠርቶ ሲመጣ፣ በከተማው በብዛት የሚገዙት የኤችፒና የዴል ሰርቨሮች ብዙዎቹ የያዙት የብሮድኮም ባለ አንድ ጊጋቢት የኔትወርክ ካርድ ነበር። ካርዱ ለየቨርችዋል ማሽኑ የመጣውን መልእክት በየወረፋው ለይቶ የማስተናገድ ችሎታ አለው፤ ቪኤምኪው ይባላል። የዋናውን ፕሮሰሰር ሸክም ለማቅለል ታስቦ ነው። ችግሩ የዚያን ጊዜው የካርዱ ድራይቨር ይህን ሥራ በትክክል አለመሥራቱ ነው። ሰርቨሩ ራሱ እንደ ጥይት ይሮጣል፤ ውስጡ ያሉት ማሽኖች ይንፏቀቃሉ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይዘጋሉ።

ምልክቱ አሳሳች ነው። ባለሙያው ሰርቨሩ ላይ ሆኖ ሲለካ ፍጥነቱ ሙሉ ነው። ስለዚህ ጥፋተኛው ሌላ መሆን አለበት። መጀመሪያ መስመሩ ተወቀሰ። ከዚያ ኬብሉ ተቀየረ። ከዚያ ስዊቹ። ከዚያ ፀረ ቫይረሱ ተነቀለ። የሶፍትዌሩ ሻጭ ተጠርቶ መጥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ «የኛ ንጹሕ ነው» ብሎ ሄደ። መስኮት ላይ ያለችው ገንዘብ ተቀባይ ደግሞ የተሰለፈውን ደንበኛ ቀና ብላ እንኳ ሳታይ የከተማዋን የተለመደ ዐረፍተ ነገር ተናገረች፦ «ሲስተም የለም።» በመጨረሻ መፍትሔው አንድ ምልክት ማንሣት ሆኖ ተገኘ፤ ቪኤምኪውን ማጥፋት ወይም ድራይቨሩን ማደስ። ማይክሮሶፍት ራሱ በኋላ በድጋፍ ሰነዱ ይህንኑ ጽፎታል። የሚያበሳጨው ቪኤምኪው የታሰበው ለባለ አሥር ጊጋቢት ካርድ መሆኑ ነው። በባለ አንዱ ላይ ያን ያህል ጥቅም የሌለው ነገር ሳይጠሩት መጥቶ በርቶ ተቀመጠ።

ከዚህ የባሰው የማክ አድራሻው ጉዳይ ነበር። እያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ በዓለም የማይደገም መለያ ቁጥር ይዞ ከፋብሪካ ይወጣል። ቨርችዋል ካርድ ፋብሪካ ስለሌለው ቁጥሩን የሚሰጠው ሰርቨሩ ነው። ሃይፐር-ቪ የሚሰጣቸው ቁጥሮች በ00-15-5ዲ ይጀምራሉ፤ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ሶፍትዌሩ ሲጫን ከሰርቨሩ አይፒ አድራሻ መጨረሻ ይወስዳል፣ የቀረውን ከራሱ ይሞላል። እያንዳንዱ ሰርቨር 256 ቁጥሮች ይደርሱታል ማለት ነው። በደህናው ጊዜ ይበቃል፣ አይጋጭምም። ነገር ግን የአበሻ ቴክኒሻን ጊዜ ለመቆጠብ አንዱን ሰርቨር ሙሉ በሙሉ አዘጋጅቶ፣ ሃይፐር-ቪውንም ጭኖ፣ ዲስኩን ወደ ሌሎቹ ይገለብጣል። (የፈረንጁም ያደርገዋል፤ ሰነዱ የተጻፈው ለእኛ ብቻ አይደለም።) ሁሉም ሰርቨሮች አንድ ዓይነት የቁጥር መነሻ ወረሱ። አንዱ ሰርቨር ላይ የተፈጠረው ሦስተኛ ማሽንና ሌላው ላይ የተፈጠረው ሦስተኛ ማሽን መንትያ ሆኑ።

አንድ የቤት ቁጥር ለሁለት አባወራ በስሕተት የተሰጠበት ቀበሌ ውስጥ ደብዳቤው አንድ ቀን ለአንዱ፣ ሌላ ቀን ለሌላው ይደርሳል። ስዊቹም እንዲሁ ነው የሆነው። መጨረሻ የተናገረውን ያምናል። የሒሳቡ ሰርቨር ሲናገር መልእክቱ ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል፣ የሰው ኃይሉ ይደነቁራል፤ የሰው ኃይሉ ሲናገር ሒሳቡ ይጠፋል። ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ፎቅ ላይ ናቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሠራተኞቹ ራሳቸው ሕጉን ደረሱበት፤ ከወዲያ ማዶ «እናንተ ጋ ይሠራል? እንግዲያ እኛ ጋ አይሠራም» ይባባሉ ጀመር። ቴክኒሻኖቹ የሶፍትዌር ብልሽት ሲፈልጉ እውነተኛውን ፍንጭ የተናገሩት የደመወዝ ጸሐፊዎች ነበሩ። ሰሚ አላገኙም። መስማት የቻለው ጋሼ ነው። ሃይፐር-ቪን ከፍቶ አያውቅም፤ ግን ግድግዳው ላይ ያለው ስዊች የያዘውን የማክ ሰንጠረዥ አስከፈተና አንዱ ቁጥር ከፖርት ወደ ፖርት ሲዘል አየው። «ይሄ ሰውዬ ሁለት ቤት አለው» አለ።

የቪላን ነገር የኔትወርክ ብቻ አልነበረም፤ የቢሮ ፖለቲካ ነበር። በድሮው ሥርዓት ድንበሩ ግልጽ ነው፦ ኬብሉና ስዊቹ የኔትወርክ ክፍል፣ ሰርቨሩ የሲስተም ክፍል። ቨርችዋል ስዊቹ ግን ስዊች ሆኖ ሰርቨር ውስጥ ተቀመጠ። የማን ነው? ኔትወርኮች «የናንተ ብረት ውስጥ ነው» አሉ፤ ሲስተሞች «ስዊች አይደል?» አሉ። እንግዲህ ቨርችዋል ስዊቹ ላይ ለሒሳብ ክፍል ቪላን 20፣ ለአስተዳደር ቪላን 30 ተብሎ ቢሰየም፣ ሰርቨሩ የተሰካበት የግድግዳው ስዊች ፖርት ምልክት ያለባቸውን መልእክቶች እንዲያሳልፍ ትራንክ ተደርጎ ካልተከፈተ፣ መልእክቶቹ እዚያ ደጃፍ ላይ ይጣላሉ። ውስጥ ያለው ሁሉ ትክክል ነው። ውጭ ያለውም ሁሉ ትክክል ነው። መገናኛው ላይ ያለችውን አንዲት መስመር ትዕዛዝ የሚጽፍ ጠፋ። ያቺን መስመር ለማስጻፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤው በመዝገብ ቤት አልፎ፣ ተመርቶ፣ ማኅተም ተመትቶበት እስኪደርስ ደመናው ከተሠራበት ጊዜ የበለጠ ወሰደ ቢባል ማጋነን አይመስልም።

ትራንኩ ከተከፈተም በኋላ አዲስ ወጥመድ አለ። ራዲያ ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 መረብ በራሱ ላይ እንዳይዞር የሚከላከለውን ስፓኒንግ ትሪ የተባለ ዘዴ ከነደፈች ጀምሮ፣ ስዊቾች ትንንሽ ምልክቶችን እየተለዋወጡ ይጠባበቃሉ። ጠንቃቃ የኔትወርክ ሰው የተጠቃሚ ፖርት ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ከመጣ ፖርቱ እንዲዘጋ ያዝዛል፤ ያ ጠረጴዛውን ያስተካከለ ቅን ሠራተኛ የሚያዘው በዚህ ነው። አንድ ቨርችዋል ማሽን ውስጥ ሁለት ካርዶችን በድልድይ ያገናኘ ሰው ሳያውቅ ይህንኑ ምልክት ይልካል። ፖርቱ ይዘጋል። የተዘጋው ግን የአንድ ሰው ኮምፒውተር ፖርት አይደለም፤ ሃያ ማሽን የተሸከመው ሰርቨር መውጫ ነው። ሰርቨሮቹን በአንድ የሚያስተሳስረው ክላስተርም በደግነቱ ማሽኖቹን ወደ ሁለተኛው ሰርቨር ያዛውራቸዋል፣ ጥፋተኛውንም ጨምሮ። ሁለተኛውም ይዘጋል።

ኦፕንስታክ የሞከሩት ልጆች ሌላ ትምህርት አገኙ። የመረቡ መሠረት አብዛኛውን ጊዜ ኦፕን ቪስዊች ነው፤ ኒሲራ የተባለ የካሊፎርኒያ ጀማሪ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 በነፃ የለቀቀው። (ኩባንያውን ቪኤምዌር እ.ኤ.አ. በ2012 በ1.26 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ ለማይታይ ስዊች የተከፈለ ብዙ የሚታይ ገንዘብ ነው።) ቪላን ከ4094 በላይ ስለማይሄድ፣ ቪኤክስላን የተባለው ዘዴ መልእክቱን በሌላ ፖስታ ውስጥ ያሽገዋል፤ 16 ሚሊዮን መረብ መለየት ይችላል። ፖስታው ራሱ 50 ባይት ይወስዳል። የተለመደው መንገድ የሚያሳልፈው 1500 ባይት ነው። ስለዚህ ለማሽኖቹ 1450 ካልተነገራቸው ትንሹ መልእክት ያልፋል፣ ትልቁ ይቀራል። ፒንግ ይመለሳል፤ የመግቢያው ገጽ ግን ግማሽ ድረስ ተከፍቶ ይቆማል። «ኔትወርኩ አለ፣ ፒንግ እያደረገ ነው» የሚለው የባለሙያዎች መሐላ ከዚያ ወዲህ ክብሩን አጣ። የሚታመነው ፒንግ 1472 ባይት ተሸክሞ፣ አትከፋፍሉኝ ብሎ የሄደው ነው፤ 28ቱ የአድራሻው ሲጨመር 1500 ይሞላል። በቪኤክስላን ውስጥ 1472ቱ ሲቀርና 1422ቱ ሲያልፍ ጥፋቱ ያኔውኑ ይታወቃል።

ፈረቃው ካለፈ በኋላም መብራት መጥፋቱ አልቀረም፤ መብራት ሲመጣ ማሽኖቹ የሚነሡበት ቅደም ተከተልም የራሱ ታሪክ አለው። የግድግዳው ስዊች ሳይነሣ ሰርቨሩ ከተነሣ በመረቡ በኩል ያለውን ዲስኩን አያገኘውም። ሰርቨሮቹ ክላስተሩን ለማቆም የመለያውን ሰርቨር፣ ዶሜን ኮንትሮለሩን፣ ይፈልጋሉ፤ እሱ ደግሞ ያለው ክላስተሩ ውስጥ ነው። አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። ማይክሮሶፍት በ2012ቱ እትም ይህን ቋጠሮ ፈታው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ግን አንዲት አሮጌ ዴስክቶፕ ጥግ ላይ አስቀምጠው መለያውን እሷ ላይ ጭነው ኖሩ። ደመናውን በሙሉ የምታስነሣው እሷ ነበረች። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ዘወትር አቧራዋን ስታራግፍላት፣ ቴክኒሻኖቹ በፍርሃት ይመለከቱ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በአገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይ፣ የግል ደመና ያላቸው ቢሮዎች ውስጡ መሥራቱን ቀጠለ። አዲስ ነገር መጫን ግን አልተቻለም፤ የሊኑክስ ጥቅሎች ሁሉ ከውጭ ነው የሚወርዱት። ከዚያ ወዲህ ጥንቁቆቹ ጥቅሎቹን በሙሉ ገልብጠው በውጫዊ ዲስክ መያዝ ለመዱ። ዲስኩ ከቢሮ ቢሮ ይዞር ነበር። ፊዶኔትን ያስታወሰው ጋሼ ብቻ ነው፤ ተጠራቅሞ፣ ተጨምቆ፣ በሰው እጅ የሚሄድ መልእክት።

ወጣቶቹ ዛሬ ከሃይፐር-ቪና ከቪኤምዌር ይልቅ ስለ ፕሮክስሞክስ ያወራሉ። ምክንያቱ ገንዘብ ነው። ብሮድኮም፣ ያው የኔትወርክ ካርዱ ብሮድኮም፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ቪኤምዌርን ገዝቶ አንዴ ተከፍሎ ለዘለዓለም የሚያዘውን ፈቃድ አስቀረና በየጊዜው የሚከፈል አደረገው። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በዶላር የሚከፈል ነገር ሁሉ በብር ሲታሰብ ተወነጨፈ። ፕሮክስሞክስ ያለ ፈቃድ ክፍያ ይሠራል፤ ስዊቹም የሊኑክስ ድልድይ ነው፣ ስሙ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ተጽፎ በግልጽ የሚታይ። ለድሮዎቹ ይህ አስደሳች ነው፤ ሳጥን ውስጥ የተደበቀ ምልክት የለም። ዋናውን ካርድ ድልድዩ ውስጥ ሲያስገቡ ራስን ከኔትወርኩ ማጥፋቱ ግን አልቀረም።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ መንገድ ዳር ያለውን አፍርሶ እንደገና የሚሠራው የከተማው የኮሪደር ልማት ሁለተኛ ምዕራፍ ካዛንቺስ ደረሰ። ሠፈሩ በሳምንታት ውስጥ ተነሣ። መንገድ ዳር የነበሩት ቤቶች፣ የሽሮና የጥብስ ቤቶቹ፣ የድሮዎቹ ግቢዎች ፈረሱ፤ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ ሄዱ። የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ እንደገና የተመረቀውም በዚያው ዓመት ጥቅምት ነው። የሠፈሩን ሁለት ዜናዎች በአንድ ሳምንት የሰማ ሰው የትኛውን አስቀድሞ እንደሚያወራ ይቸገር ነበር። ቢሮዎችም ተዘዋወሩ፤ ሰርቨሮቻቸውን ቦሌ ለሚ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ በተሠሩት የዳታ ማዕከላት ለማኖር ያሰቡም ነበሩ።

አንድን ደመና ከካዛንቺስ ማንሣት ቤት ከማንሣት አያንስም። ማሽኖቹ በቀላሉ ይሄዳሉ፤ ፋይል ናቸው። ቨርችዋል ስዊቹ ግን ከሰርቨሩ ተነቅሎ አይጫንም። አዲሱ ቦታ ላይ እንደገና ይሠራል፤ ለመሥራት ደግሞ እያንዳንዱ ቪላን የማን እንደሆነ፣ እያንዳንዱ ካርድ የትኛው ፖርት ላይ እንደተሰካ መታወቅ አለበት። ሰነድ ተብሎ የተገኘው አንድ ኤክሴል ነው፤ መጨረሻ የታደሰው ከብዙ ዓመት በፊት። የተቀረው ፕላስተር ላይ ነው።

ሥራው የተሰጣት ወጣት መሐንዲስ የስዊቹን ሰንጠረዥ ከቨርችዋል ስዊቹ ሰንጠረዥ ጋር መስመር በመስመር አስተያየች። የሚገጥመውን ምልክት እያደረገች፣ የማይገጥመውን እየዘጋች ወረደች። የተዘጋውን ማንም አልጠየቀም፤ ለዓመታት ባዶ መንገድ ሲጠበቅ ኖሯል። አንዱ ግን አስቸገራት። ቪላን 87 ሁሉም ቦታ አለ፣ በሁለቱም በኩል ተከፍቷል፣ አንድም ማሽን አልተመዘገበበትም፤ ሆኖም አልፎ አልፎ የሆነ ነገር ያልፍበታል። ስትዘጋው ምንም አልሆነም። ከጥቂት ሰዓት በኋላ የአንዱ ቅርንጫፍ ማተሚያ መሥራት አቆመ፤ ስትከፍተው ሠራ። በአጋጣሚ ነው? ደግማ ለመሞከር ፈራች። ጋሼ ጡረታ ወጥቶ፣ ቤቱም ፈርሶ፣ ገላን ጉራ ነበር። ደወለችለት።

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ቤቱን ለመዱት?»

«ደህና ነኝ የኔ ልጅ። ነፋሱ ነው እንጂ ደህና ነው። ሲስተሙን አነሣችሁት?»

«እያነሣን ነው። ቪላን 87 ለምንድን ነው?»

ስልኩ ላይ ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ።

«እሱን አትንኪው።»

«እሺ፣ ግን ምን ላይ ነው የሚሠራው?»

«እኔም ሥራ ስገባ አትንካው ተብዬ ነው።»

87ም ከሌሎቹ ጋር ወደ አዲሱ ሰንጠረዥ ተገለበጠ። «ባለቤት» በሚለው ሳጥን ውስጥ የጋሼን ስልክ ቁጥር ጻፈችበት።